ያላየነው አስረኛ ክፍል

ስሙኝ። ቁጭ በሉና ስሙኝ፤ መሀል ላይ ግን "ተው እንጂ፣ ያኔ ልጅ ነበርክ" እያላችሁ እንዳታቋርጡኝ። ልጅ እንደነበርኩ አውቃለሁ። ነገሩ ያለው እሱ ላይ ነው።

የምሠራው ሜዲካል ትራንስፖርት ነው። አረጋውያንን ከቤታቸው አነሳና ዳያሊሲስ፣ ጥርስ ሐኪም፣ ዓይን ሐኪም አደርሳለሁ፣ እመልሳለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ውስጥ አንዲት ራሺያዊት እማማ ጫንኩ። እንግሊዝኛ አይችሉም፣ እኔ ራሺያኛ አልችልም፤ ስለዚህ አልተጣላንም። ከኋላ ቁጭ ብለው ከቦርሳቸው ፔርሙስ አወጡ። ክዳኑን ሲከፍቱት መኪናው በሙሉ ሻይ ሸተተ። ሻይ ብቻ ደግሞ አይደለም፤ የእንጆሪ ማርማላታ የተሟሟበት ሻይ። ከዛ ስልካቸውን ከፈቱና ድምፁን ለቀቁት። ቫዮሊን።

ዞሬ አላየሁም፤ ሃይዌይ ላይ ነኝ። ማየትም አላስፈለገኝም። አሁን ፈረሶቹ ይመጣሉ፤ ሦስት ናቸው፣ መሀለኛው ነጭ። ከዛ መስኮት። መስኮቱ ጋ አንዲት ሴት ሻማ ይዛ ትቆማለች። አፌ ሳላዘው መናገር ጀመረ፦ "ነጭ ፈረስ... ሁለት ቡናማ... በረዶው ጉልበታቸው ድረስ ነው..." በአማርኛ እኮ ነው የማወራው፣ ብቻዬን። እማማዬ በመስታወቱ ትኩር ብለው አዩኝና ቦርሳቸውን ጠጋ አደረጉ። እንደሚዘርፋቸው እብድ ነው ያዩኝ፤ አልፈርድባቸውም።

ቫዮሊኑ የአንድ የራሺያ ድራማ መክፈቻ ነው፤ አስራ አንድ ዓመቴ ላይ ነው ያየሁት፣ ብሩክሊን ሴንተር፣ በአንድ ዊንተር።

እናቴ ሂሩት ፒሲኤ ነበረች። ፒሲኤ ማለት የታመመና ያረጀ ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ ማጠብ፣ ማብላት፣ መድኃኒቱን ማስታወስ ነው። የዛን ዊንተር የደረሷት አባባ ክፍሎም ናቸው። አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ ተምረው፣ ከዛ መንግሥት ሞስኮ ልኳቸው የድልድይ ምህንድስና ያጠኑ ሰው። አሜሪካ መጥተው ግን አንድ ድልድይ አልሠሩም። ዳውንታውን ፓርኪንግ ራምፕ ውስጥ፣ መኪና በተዳፋት ወደ ፎቅ እየወጣ በሚቆምበት፣ በዛች የመስታወት ቤት ተቀምጠው ትኬት ሲቀበሉ ነው ያረጁት። "ፓርኪንግ ራምፕም እኮ ድልድይ ነው" ይሉ ነበር፤ "የትም የማያደርስ ድልድይ ነው እንጂ።"

ሚስታቸው ሞተዋል። አንድ ልጅ አላቸው፣ ሳባ። ሳባ ኢገን ነው የምትኖረው፤ ትልቅ ቤት፣ ትልቅ ሥራ፣ ትልቅ መኪና። እኛና እሷ አንድ ቸርች ነን። እሁድ ከፕሮግራም በኋላ አባቷ ጋ ብቅ ትላለች፣ ፍሪጁን ከፍታ ታያለች፣ "ባባ ደህና ነህ አይደል?" ትላለች፣ እሳቸውም "ደህና ነኝ" ይላሉ፣ አለቀ።

እማ ብቻዬን ቤት ልታስቀምጠኝ ትፈራለች። ጎረቤት አይቶ ፖሊስ ጋ ከደወለ ልጄን ይወስዱብኛል ብላ ነው። ስለዚህ ስኩል ባሱ በቀጥታ አባባ አፓርትመንት ፊት ለፊት ያራግፈኛል፣ እኔም እንደ እማ ሥራ እገባለሁ። ቤቱ ገና ኮሪደሩ ላይ ይሸታል፤ የጡንቻ ቅባት፣ የተቃጠለ የሂተር አቧራ፣ ሻይ በማርማላታ። ስኳር አይነኩም። አንድ ማንኪያ ማርማላታ ሻዩ ውስጥ ይከቱና ያማስላሉ፣ ያማስላሉ፣ እስኪሰለቸኝ።

መጀመሪያ ቀን ስገባ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሱፍ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ እግራቸው ላይ ግን የቤት ነጠላ ጫማ። ጭናቸው ላይ እንደ ብሎኬት የወፈረ ቡናማ መጽሐፍ።

"ማነው እሱ?"

"ዮኒ ነው፣ ጋሽ ክፍሎም። ልጄ" አለች እማ።

"ና ወዲህ፣ ወደይ።" በትግርኛ ልጄ ማለታቸው ነው።

እኔ ያኔ ለእማም የምመልሰው በእንግሊዝኛ ነው። ለሰውዬው ግን ክብር ልስጥ ብዬ አማርኛ ሞከርኩ። "አንተ ምን ትፈልጋለህ?" አልኳቸው።

እማ ማንኪያ እንደያዘች ከኪችን ተወርውራ ወጣች። "እርሶ! እርሶ ነው የሚባለው፣ አንተ ስድ!"

"ተይው ሂሩት" አሉ እየሳቁ። "ስንት ዓመት ሆነኝ አንተ የሚለኝ ካገኘሁ። ወጣት አደረገኝ።"

ከዛ ሪሞቱን ወደኔ ዘረጉ። ወደኔ ስል፣ ትንሽ ወደ ግራዬ ነው የዘረጉት። ዩቲዩብ አስከፈቱኝ፤ ፊደሉ የማይነበብ የራሺያ ተከታታይ ድራማ ነው። "አስር ክፍል አለው" አሉኝ። "ከዚህ ነው የወሰዱት።" መጽሐፉን በመዳፋቸው መቱት፣ አቧራው ቦነነ። "ስማኝ አሁን። እኔ ጆሮ፣ አንተ ዓይን። የሚሉትን እኔ እነግርሃለሁ፣ የምታየውን አንተ ትነግረኛለህ። በአማርኛ። አንዲት እንግሊዝኛ ካስገባህ ቲቪው ይጠፋል።"

"ለምን? እርሶም ያያሉ እኮ።"

ከረባታቸውን አስተካከሉ። "አማርኛህን ልፈትንህ ነው" አሉ።

አመንኳቸው። ፈተና ነው ካሉ ፈተና ነው። ትምህርት ቤትም ያው ነው፤ መልሱን የሚያውቅ ሰው ቆሞ ይጠይቅሃል።

እንግዲህ በየቀኑ ይሄ ሆነ ሥራዬ።

"ምን ለብሳለች?"

"ድሬ... ቀሚስ። ጥቁር ቀሚስ።"

"አንገቱ?"

"እስከዚህ ተዘግቷል።"

"እስከዚህ ማለት የት ነው? እጅህን ተወውና በአፍህ ንገረኝ።"

"እስከ አገጯ።"

"ፊቷስ?"

"ምንም።"

"ምንም የሚባል ፊት የለም። ደህና አድርገህ እይ።"

አየሁ። ቃሉን አጣሁት። "እማ ከደብል ሺፍት ገብታ፣ እኔ 'ራት ምንድነው?' ስላት የምትሆነው" አልኩ።

ኪችን ውስጥ ሰሃን ሲጋጭ የነበረው ቀጥ አለ። አባባ አንገታቸውን ነቀነቁ። "ገባኝ" አሉ ቀስ ብለው። "በጣም ገባኝ።" እማ የዛን ቀን ራት ማካሮኒ በሥጋ ሠራች፣ ከድስቱ ሥጋውን እየለቀመች እኔ ሰሃን ላይ ነበር የምትከምረው።

ታሪኩ ስለ ሁለት ወንድማማቾችና ስለ እህታቸው ነው። አንደኛው ባልሠራው ወንጀል ሳይቤሪያ ይላካል። ወንጀሉን የሠራው ታናሹ ነው። የተላከው በየወሩ ደብዳቤ ይጽፋል፤ እህትየው ደብዳቤዎቹን እየተቀበለች መሳቢያ ውስጥ ትቆልፋቸዋለች። ለምን? ደብዳቤው ከተነበበ እውነቱ ይወጣል፣ እውነቱ ከወጣ የቤተሰቡ ስም ይጠፋል። ሳሎን ውስጥ እንግዳ ተቀብላ "ወንድማችን ደህና ነው፣ ውጭ ሀገር ይማራል" ትላለች። በጣም ቆንጆ ልብስ ለብሳ።

የሰዎቹ ስም ግን ጣጣ ነው። አንዱ ሰውዬ ሦስት ስም አለው፣ በዛ ላይ የሚጠራው ሁሉ በተለያየ ስም ይጠራዋል። "አይክበድህ" አሉኝ አባባ፤ "እንደኛው ናቸው፣ ሰውን ከነአባቱ ስም ይጠሩታል።" እማ ግን አልቻለችም፤ እየበላንም እያጠበችም ነው የምትሰማው። የራሷን ስም አወጣችላቸው። ሳይቤሪያ የሄደው ኃይሌ ሆነ። ታናሹ ጌትነት። እህትየዋን ደግሞ ሊንዳ አለቻት፤ ሊንዳ ማለት እማን ከድሮ ሥራዋ ያባረረቻት ሱፐርቫይዘር ነች።

"ሊንዳ ገባች?" ትላለች እማ ከባዝሩም፣ አንሶላ እየጨመቀች።

"ገብታለች" እላለሁ።

"ምን አደረገች ደግሞ?"

"ደብዳቤ ደበቀች።"

"አይ ሊንዳ! ጌታ ይይላት!"

አባባ እስኪያስላቸው ይስቃሉ። እማ መጀመሪያ ላይ ድራማውን አልወደደችውም ነበር። "ጋሽ ክፍሎም፣ መጠጡ በዛ" ትላለች።

"ሂሩት፣ ብርድ ነው እኮ ሀገሩ። እንደ ሚኒሶታ።"

"ሚኒሶታም ብርድ ነው። እኛ ሻይ አይደል እንዴ የምንጠጣው?"

በኋላ ግን እሷ ነች "ዛሬ አትጀምሩም እንዴ?" የምትለው።

አባባን የሚያናድዳቸው ሌላ ነው። ድራማው መጽሐፉን ሲዘለው ብድግ ሊሉ ይደርሳሉ። "አቁም! አቁመው!" ሪሞቱን እጫናለሁ። "እዚህ ጋ ኃይሌና ያ ሽማግሌ እስረኛ ሌሊቱን ሙሉ ያወራሉ፣ ሃምሳ ገጽ ነው! የት ወሰዱት? በሉት!" መጽሐፉን ይከፍቱና ከውስጡ በራሺያኛ ያንበለብሉታል፤ ከዛ በአማርኛ ይደግሙልኛል። አንድ ቀን ሳይ መጽሐፉን የያዙት ገልብጠው ነው። ራሺያኛ ከታች ወደ ላይ የሚነበብ መስሎኝ ነበር። እንዲያውም ትምህርት ቤት ሄጄ ለልጆች ነገርኳቸው፤ ቲቸሯ እንዳልሆነ ስትነግረኝ "አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ እኔ ያየሁት ነው" ብዬ ተከራከርኳት።

እንዲህ ነበርኩ። ሁሉንም አየሁ፣ አንዱም አልገባኝም። ሻይ ሲቀዱ ጣታቸውን ኩባያው ውስጥ የሚከቱት የራሺያ ባህል መሰለኝ። በግድግዳው ጥግ ጥግ የሚሄዱት ድልድይ ስላጠኑ፣ ግድግዳ ስለሚወዱ መሰለኝ። የኔን ባስ ገና ከመታጠፊያው በድምፁ ለይተው "ዮኒ መጣ፣ ሻይ ቅጂለት" ሲሉ፣ እማ ስትነግረኝ፣ ይሄ ሰውዬ ምን ያህል ይወደኛል አልኩ። እሱስ እውነት ነበር።

ፌብሩወሪ መጀመሪያ ላይ ዘጠነኛውን ክፍል ጨረስን። የኃይሌ ደብዳቤዎች ያሉበት መሳቢያ ቁልፍ ጌትነት እጅ ይገባል፣ እዛ ላይ ያቆማል። "ነገ አስረኛው" አልኩ። "ነገ አይሆንም" አሉ አባባ። "ነገ እንግዳ አለብን።"

እንግዳዋ ነርስ ነች። በዓመት አንዴ ትመጣና ሰውዬው ምን ያህል እርዳታ ያስፈልገዋል ብላ ትመዝናለች፤ የእማ ሰዓት የሚወሰነው በዛ ነው። በዛን ቀን በብርዱ ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር ከጠዋት ጀምሮ እዛው ነኝ። ሳባ ከኢገን በጊዜ መጣች። አባቷን ላጨቻቸው፣ አዲስ ሸሚዝ አለበሰቻቸው፣ ሽታውን ለማጥፋት ቤቱን በሙሉ የአበባ ስፕሬይ ነፋችበት። ከዛ ለእማ "ሂሩትዬ፣ እስቲ የቆሸሸውን ልብስ ላውንድሪ ሩም ይዘሽ ውረጂ" አለቻት። እማ እንዳትኖር ፈልጋ ነው። ያኔ ግን የመሰለኝ በእውነት የቆሸሸ ልብስ ያለ ነው።

አጎንብሳ በጆሯቸው "ባባ፣ ደህና ነኝ በል። ምንም አትበል ሌላ። ደህና ነኝ" አለቻቸው።

"እኔ መቼ ደህና አይደለሁም ብዬ አውቃለሁ?" አሉ።

ነርሷ መጣች፤ ጫማዋን በር ላይ አወለቀች፣ ጨዋ ሴት ነች። አስተርጓሚ በስልክ ልደውል ወይ አለች። ሳባ "ኖ ኖ፣ እኔ አለሁ፣ ልጁ ነኝ" አለች። ፈገግ ብላ። ጥያቄው ጀመረ።

ነርሷ በእንግሊዝኛ፦ ብቻቸውን ሻወር ይወስዳሉ?

ሳባ በአማርኛ፦ "ባባ፣ ደህና ነህ ወይ ነው የምትልህ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

ሳባ በእንግሊዝኛ፦ አዎ፣ ያለ ችግር።

በዚህ ዓመት ወድቀዋል?

"ባባ፣ እንዴት ነህ ነው የምትልህ።"

"ተመስገን፣ ምንም አይል።"

አልወደቁም።

ወድቀዋል እኮ! ከሁለት ሳምንት በፊት ባዝሩም ውስጥ ወድቀው፣ ቁርጭምጭሚታቸውን በፋሻ ያሰረችላቸው እማ ነች። አፌን ልከፍት ስል ሳባ አየችኝ። እናንተም የሐበሻ ልጅ ከሆናችሁ ያቺን አስተያየት ታውቋታላችሁ፤ እንግዳ ፊት አፍህን ዝጋ የሚለውን። ዘጋሁ።

እኔ እንደ ሁልጊዜው ምንጣፉ ላይ ነኝ፣ አባባ ጉልበት ሥር፣ ቲቪ የምናይበት ቦታ። ነርሷ ወንበሯን ሳብ አድርጋ እጇን አነሳች። ስንት ጣት ነው አለቻቸው።

የአባባ እጅ ትከሻዬ ላይ አረፈ። ቲቪ ስናይ እንደሚያደርጉት ጫን አደረጉኝ። ጫን ካደረጉኝ ምን ይታያል ማለት ነው።

"ሦስት" አልኩ ቀስ ብዬ።

"ስሪ" አሉ አባባ፣ በዛ በራሺያኛ እንግሊዝኛቸው።

አሁንስ አለች ነርሷ።

"አምስት፣ እጇን ዘርግታለች።"

"ፋይቭ። ኦፕን ሃንድ።"

ነርሷ ሳቀች፣ ጻፈች። ልጁ ምን እያለ ነው ብላ ሳባን ጠየቀቻት። ሳባም ከሳቸው ጋር አማርኛ እየተለማመደ ነው አለቻት። ውሸት አይደለም። ነርሷ "ሶ ስዊት" አለች። ሳባ ደግሞ እጇን ዘርግታ ጸጉሬን ዳበሰችኝና በአማርኛ አንድ ቃል ተናገረች።

"ጎበዝ።"

በምድር ላይ ያለሁት እኔ ብቻ መሰለኝ። ኢገን የምትኖረው፣ እማ እንኳን አንቱ ልትላት ትንሽ የቀራት ሳባ ጎበዝ አለችኝ! ፈተናውን አለፍኩ። እማ ከላውንድሪ ስትመጣ ሮጬ ነገርኳት፤ "ስንት ጣት ነው ስትላቸው እኔ ነኝ የነገርኳቸው!" እማ የልብሱን ቅርጫት መሬት ላይ አስቀመጠችና በሩን ይዛ ቆመች። ነርሷ ሄዳለች። ሳባ ኮቷን እየለበሰች ነው።

"ሳባ፣ ምንድነው የሠራችሁት?" አለች እማ።

"ምንም። ጥሩ ሆኖልናል" አለች ሳባ።

የነርሷ ውሳኔ ደብዳቤ በሁለት ሳምንት ውስጥ መጣ። እማ መኪና ውስጥ ነው የከፈተችው፤ ሁለት ጊዜ አነበበችው፣ ከዛ ሳባ ጋ ደወለች። በስፒከር ነው፣ እኔ ኋላ ወንበር ላይ ነኝ። የእማ ሰዓት ጠዋት ሁለት ሰዓት ብቻ ሆኗል። ከሰዓት በኋላ ማንም የለም።

"አፒል በይ፣ ይግባኝ ጠይቂ፣ ሳባ" አለች እማ። "ንገሪያቸው። ዓይናቸው እኮ አያይም። ብርሃንና ጨለማ ነው የሚለዩት፣ አንቺም ታውቂያለሽ።"

"ሂሩት፣ እንደሱ ካልን ብቻውን መኖር አይችልም ይሉናል። ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ ይግባ ነው የሚሉን። አባቷን ነርሲንግ ሆም ጣለች እንድባል ነው? ቸርቹ ምን ይላል?"

"ሰዓቱን የቆረጡት ደህና ነው ስላልሻቸው ነው እኮ።"

"እስቲ እንጸልይበት" አለች ሳባ።

ከዛ በኋላ ያሉትን አልሰማሁም። አያይም? እንዴት አያይም? መጽሐፉ፣ ኩባያው ውስጥ የሚገባው ጣት፣ ወደ ግራዬ የተዘረጋው ሪሞት፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣብኝ። ሦስት ወር ሙሉ እየተፈተንኩ አልነበረም። እማን መኪና አስቁሜ በረዶው ላይ አስመለስኩ። የሆነው ገባት፤ ጀርባዬን እየመታች "አንተ ምን አደረግክ፣ አንተ ምንም አላደረግክም" ትለኛለች። አድርጌአለሁ እኮ። ሦስት ብያለሁ።

እማ ዉድበሪ የሚባል ከተማ ሌላ ሥራ ያዘች፣ ከሰዓት። እኔን ሌላ ባስ አስገቡኝ፤ ቁልፍ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ በቀጥታ ቤታችን። በሩን ቆልፍ፣ መጋረጃ ዝጋ፣ ለማንም አትክፈት። አስረኛውን ክፍል ቅዳሜ እናያለን ብላ ቃል ገባችልኝ። አንድ ቅዳሜ እሷ ሥራ ገባች። ሌላው ቅዳሜ በረዶ ጣለ።

ማርች መጀመሪያ፣ አንድ ሐሙስ። ፀሐይ አለች፣ ያቺ የሚኒሶታ ውሸታም ፀሐይ፤ ብርዱ ግን አፍንጫህ ውስጥ ያለውን ጸጉር ያደርቀዋል። አባባ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ነጠላ ጫማቸውን አድርገው፣ ግድግዳ እየያዙ ኮሪደሩን ጨርሰው ወጡ። ባሱ የሚቆምበት ጋ ሄደው ቆሙ። የድሮው ባሴ በሰዓቱ መጣ፤ ድምፁን ለይተውታል። ግን የሚወርድ ልጅ ስለሌለ አልቆመም፣ አለፈ። እሳቸው የዘገየሁ መስሏቸው መጠበቅ ቀጠሉ። ጎረቤት ያገኛቸው ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አላውቅም። በረዶው ክምር ላይ ተቀምጠው ነበር። ኪሳቸው ውስጥ ሪሞቱ አለ።

ጣት ቆረጡላቸው። ስንት እንደሆነ አትጠይቁኝ። ጣት መቁጠር አልፈልግም።

ከሆስፒታል በቀጥታ ነርሲንግ ሆም። ዉድበሪ። ያ ሁሉ ሽሽት፣ ያ ሁሉ የአበባ ስፕሬይ፣ መጨረሻው እዛው። አማርኛ የሚችል የለ፣ ትግርኛ የሚችል የለ፣ ራሺያኛ የሚችል የለ። እማ አንድ ጊዜ ከሥራዋ በፊት ይዛኝ ሄደች። ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ ምንም አይሸትም፤ ማርማላታም የለ። ያለ ከረባት አይቻቸው ስለማላውቅ አንገታቸውን ሳየው የሌላ ሰው መሰለኝ። ግድግዳው ላይ ቲቪ ተሰቅሏል፣ ጌም ሾው፤ ሰው እየዘለለ ይጮሃል።

"ማነው?"

"ዮኒ ነኝ፣ አባባ።"

"ባሱ ዘገየ" አሉኝ።

እማ ወደ መስኮቱ ዞረች።

"አዎ" አልኩ። "በረዶ ነበር።"

በፋሻ የተጠቀለለውን እጃቸውን አንስተው ትከሻዬን ፈለጉ። ጠጋ አልኩላቸው። ጫን አደረጉኝ። "የት ደረሱ?"

ቲቪው ላይ አንዲት ሴትዮ ፍሪጅ ደርሷት ታለቅሳለች። "አስረኛው ላይ ናቸው" አልኩ።

"በል ንገረኝ። ምን ይታያል?"

"በረዶ። ሰረገላ እየመጣ ነው። ሦስት ፈረስ።"

"መሀለኛው?"

"ነጭ። ኃይሌ ወረደ። ጺሙ እስከ ደረቱ ነው፣ ሸብቷል። ነጠላ... አይ፣ ቡትስ ጫማ ነው ያደረገው። ወፍራም።"

"ጥሩ። ሊንዳስ?"

"በር ላይ ቆማለች። ደብዳቤዎቹን በሁለት እጇ ይዛለች። ሁሉንም።"

"ፊቷ?"

"ወደ መሬት ነው የምታየው። ሰው ሁሉ ቆሞ እያያት ነው፣ እሷ ግን ለሰዉ ግድ የላትም። ደብዳቤውን ሰጠችው። 'ደብቄህ ነበር' አለችው። ሁሉም እየሰማ።"

ቲቪው ውስጥ ሕዝቡ ጮኸ፣ አጨበጨበ።

"ምንድነው ጩኸቱ?"

"ሰፈሩ ነው" አልኩ። "ደስ ብሏቸው።"

ፊታቸውን ወደ ጩኸቱ አዞሩ። ያወቁብኝ መሰለኝ። እንዴ፣ ያውቃሉ እንጂ! እንግሊዝኛና ራሺያኛ የማይለይ ጆሮ አልነበራቸውም።

"መጽሐፉ ላይ እንደዚህ አይልም" አሉኝ። ከዛ ትከሻዬን ሁለቴ መታ መታ አደረጉኝ። "ያንተ ግን ይሻላል።"

ኤፕሪል ላይ ሞቱ።

ለቅሶው ኢገን ነበር፣ ሳባ ቤት። ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ገባን። ሳባ ጥቁር ለብሳ፣ አንገቱ እስከ አገጯ የተዘጋ፣ ሴቶቹ መሀል ተቀምጣለች። እኔና እማ ስንገባ ወሬው ቆመ። አንዷ ሴትዮ "ይሄ ነው?" አለች። ሳባም መሀረቧን ከዓይኗ ሳታነሳ "ልጅ እኮ ነው፣ ምን ይደረጋል። ነርሷ ፊት ሲጫወት ባባን የሚያይ አስመስሎ አስገመገመብን። ይቅር ብዬዋለሁ፣ በጌታ" አለች። ይቅር ብላኛለች። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። "ልጅ ነው፣ ልጅ ነው" አሉ። እማ አንገቷን ደፋች። እውነቱን ታውቃለች እኮ፤ ግን ለቅሶ ቤት ነው፣ የሞተው የሳባ አባት ነው፣ እንዴት አፏን ትክፈት? እጄን ብቻ ያዘች፣ አጥንቴ እስኪያመኝ። ከዛ ቀን ጀምሮ በቸርቹ ውስጥ ያ ነርሷ ፊት ሲጫወት ሽማግሌ ያስገደለው ልጅ እኔ ነኝ። ማንም በግልጽ አይለኝም። ሁሉም ይቅር ብሎኛል።

አስረኛውን ክፍል እስካሁን አላየሁትም። ስልኬ ላይ ባንድ ደቂቃ አገኘዋለሁ፤ አልፈልግም። እማማዬ ማክሰኞ ሲወርዱ ቫዮሊኑ አላለቀም ነበር፤ በሩን ከፈትኩላቸው፣ ክንዳቸውን ያዝኩ፣ "በረዶ አለ፣ አንድ ደረጃ፣ አሁን ሌላ ደረጃ" አልኳቸው፣ በአማርኛ። ራሳቸውን ነቀነቁልኝ።

አንቺ ነርሷ፣ ስምሽን አላውቀውም፤ በደቂቃ የሚገኝ አስተርጓሚ ትተሽ ልጃቸውን ለምን አመንሽ ልልሽ ነበር። ሳባ፣ ያንቺን ስም ግን አውቀዋለሁ። ዛሬ የቸርቹ የአረጋውያን ኮሚቴ ሰብሳቢ ነሽ። ማይክ ይዘሽ ወላጅን ስለማክበር ስትናገሪ ሰው አሜን ይላል። እኔ ኋላ ወንበር ላይ ነኝ፣ እማን ላደርስ ስመጣ። ያን ቀን ከኔ አንድ ክንድ አትርቂም ነበር። ሦስት ስል ሰምተሻል፤ አማርኛ ነው የተናገርኩት፣ አማርኛ ደግሞ ታውቂያለሽ። ቁጥሩ ከኔ አፍ ወደሳቸው አፍ ሲሄድ አይተሻል፣ ጸጉሬን ዳብሰሽ ጎበዝ ብለሽኛል። እሺ፣ ልጅ ነበርኩ፣ ሁላችሁም እንዳላችሁት። እኔ አስራ አንድ ዓመቴ ነበር። አንቺስ፣ ሳባ፣ ያን ቀን ስንት ዓመትሽ ነበር?